ደከም ያለው ይቅደም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጫለሁ። ሦስቱም ስለ ሳይክል ናቸው። የመጀመሪያው ረጅም መልስ ይፈልጋል። ጥያቄው አንድ ጊዜ የራሴም ጥያቄ ስለነበር ቸኩዬ ላልፈው አልቻልኩም።

ጥያቄ፦ «ከተጋባን ሁለት ዓመታችን ነው። ባለቤቴ በቅርቡ ሁለት ያገለገሉ ሳይክሎች ገዛ፤ አንዱ ለሱ፣ አንዱ ለኔ። ቤታችን አራት ኪሎ ነው፤ ሁለታችንም የምንሠራው ስታዲየም አካባቢ ነው። ጠዋትና ማታ የታክሲ ሰልፍ ከሚፈጀን ብሎ ነው የገዛው። እኔ ግን ልጅ ሆኜ ግቢ ውስጥ ከመንዳት ያለፈ አላውቅም። መኪና እፈራለሁ፤ የሰው አፍም ያሳስበኛል። ከሁሉ የከፋው ሁለት ጊዜ አብረን ወጥተን ሁለቱንም ጊዜ ተኳርፈን ተመለስን። እሱ ይፈተለካል፣ እኔ ወደ ኋላ እቀራለሁ። የኔን ልሽጠው ወይስ ልታገሥ?» — ጀማሪዋ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ እህቴ፣ እንዳትሸጪው። መጀመሪያ ከኩርፊያው እንነሳ። መኪናውም ዳገቱም ይለመዳል፤ ኩርፊያው ካልተፈታ ግን ሳይክሉ በረንዳ ላይ አቧራ ሲጠጣ ይኖራል።

እኔና ባለቤቴ ሳይክል የጀመርነው በ2010 ዓ.ም. ነው። በዓመቱ አንድ ማክሰኞ ከሥራ ወጥተን ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ እየወጣን ነበር። ቸርችልን መቼም ታውቂዋለሽ። ከለገሃር እስከ ማዘጋጃ ቤት ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስከ ብሔራዊ ትያትር ዳገት መሆኑ እንኳ አይታወቅሽም። ጥቁር አንበሳ ጋ የራስሽን ትንፋሽ መስማት ትጀምሪያለሽ። ከፖስታ ቤት በላይ ግን መንገዱ ፊት ለፊትሽ ይቆማል። ባለቤቴ እግሩ ብርቱ ነው። ቀደመኝ። እኔ ፖስታ ቤቱን አልፌ ማርሽ ልቀንስ ስል ካቴናው ወለቀ። እግሬ ባዶ ዞረ። ወረድኩና ጠራሁት፤ በመኪናው ጩኸት መሃል አልሰማኝም። ጀርባው እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ።

እግረኛ መንገዱ ላይ አንድ ሊስትሮ ነበር። ዕድሜው ቢበዛ አሥራ አራት ነው። ሳልጠራው ተነስቶ መጣ። «እትዬ፣ ይቆዩ» አለኝና ሳይክሉን ገለበጠው፤ ኮርቻውና መሪው መሬት ላይ፣ ጎማዎቹ ወደ ላይ። ከኋላ በኩል ካቴናውን የሚወጥረውን ክንድ በአውራ ጣቱ ወደ ፊት ገፋው። ካቴናው ላላ። በሌላ እጁ አንስቶ የፊቱ ጥርስ ላይ አስቀመጠው፣ ፔዳሉን ቀስ አድርጎ አዞረ። ሁለት ሦስት ጥርስ ያዘ፣ ከዚያ ሁሉም ገባ። የጫማ መወልወያ ጨርቁን አገላብጦ ንጹሕ ጎን ፈለገና «ጣትዎን ይጥረጉበት» ብሎ ሰጠኝ። እስካሁን ካቴና በወለቀብኝ ቁጥር የምሠራው ያ ልጅ ባሳየኝ መንገድ ነው። አንቺም ቤትሽ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ሆን ብለሽ አውልቀሽ መልሺው። መንገድ ላይ አትደነግጪም።

ባለቤቴ ቴዎድሮስ አደባባይ ደርሶ፣ መድፉ አጠገብ ቆሞ ሲጠብቀኝ ነበር። ስቀርበት ተመልሶ ወረደ። ያን ቀን እስከ ቤት ድረስ ሳይክሎቻችንን እየገፋን ሳንነጋገር ሄድን። እራት ላይ አንድ ነገር ብቻ አልኩት፦ «ብወድቅስ መቼ ነበር የምታውቀው?» መልስ አልሰጠኝም። በማግስቱ ጠዋት በር ላይ ቆሞ «ቅደሚ» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ እቀድማለሁ፣ እሱ ይከተላል።

ለባለቤትሽ ይህን አንብቢለት። ሁለት ሰው አብሮ ሲነዳ ደከም ያለው ይቅደም፤ በርታ ያለው ከኋላ ይሁን። ፍጥነቱን የምትወስኚው አንቺ ትሆኛለሽ፣ እሱም ከዓይኑ አትጠፊም። ጎማሽ ሲተነፍስ፣ ነጠላሽ ሲላላ፣ ትንፋሽ ሲያጥርሽ ካንቺ በፊት ያያል። ከኋላ የሚመጣ ትልቅ መኪና ካለ «መኪና!» ብሎ ይነግርሻል። በእናንተ መሃል ቢያንስ የሁለት መኪና ርዝመት ይኑር፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ከዚያም ይብዛ። እኛ የደወል ቋንቋም አለን። አንድ ጊዜ ከተደወለ «አለሁ» ነው። ሁለት ጊዜ ከሆነ «ቁሚ» ነው። እግሩ ለሚበላው ባልሽ አንድ ቀን ብቻውን እንዲጋልብ ፍቀጂለት። እሑድ ጠዋት እንጦጦ ወጥቶ ይምጣ። ሦስት ሺህ ሜትር አልፎ ከወጣ በኋላ ሰኞ ከኋላሽ ቀስ ብሎ መሄድ አይከብደውም።

አሁን ወደ መኪናው። ፍርሃትሽ ትክክል ነው፤ እንዲጠፋ አልመክርሽም፣ ብቻ ቦታውን ይያዝ። ለኛ ሰፈር ትልቁ ነገር ሚኒባስ ማንበብ መቻል ነው። ሚኒባስ ከመቆሙ በፊት ሁልጊዜ ይናገራል። ረዳቱን ተመልከቺ። ክንዱ በመስኮት ወጥቶ ወደ እግረኛ መንገዱ ሲያይ ሰው እየፈለገ ነው። እጁ ወደ በሩ እጀታ ከወረደ ውስጥ «ወራጅ አለ» ተብሏል፤ መኪናው አሁኑኑ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ያኔ ፍሬን ያዢ፣ ከኋላው ቆዪ። በሚኒባስና በእግረኛ መንገድ መሃል ባለችው ጠባብ ቦታ ሾልኮ ማለፍ ፈጽሞ አይሞከርም። በሩ የሚከፈተው እዚያው ላይ ነው። የቆሙ መኪኖች አጠገብ ስታልፊም የአንድ ክንድ ተኩል ያህል ራቂ፤ የትኛው በር እንደሚከፈት አይታወቅም።

በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ከአራት ኪሎ በመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ የሳይክል መስመር ተሠርቷል። ለአንቺ ትልቅ ዕድል ነው፤ እኛ ስንጀምር አልነበረም። ግን መስመሩ ላይ ሰውም ይሄዳል። ልጅ የያዘች እናት፣ ስልኩን የሚያይ ወጣት፣ ዕቃ የተሸከመ ሰው ታገኛለሽ። ደወልሽን ከሩቅ አሰሚ፣ ቀስ በይ፣ ስታልፊ «አመሰግናለሁ» በይ። ጠዋት ከእስጢፋኖስ ቅዳሴ ወጥተው ነጠላቸውን እንዳጣፉ የሚመጡ እናቶች ሲበዙ እኔ ወርጄ እገፋለሁ። ሁለት ደቂቃ ነው።

የመጀመሪያ ቀንሽን እሑድ አድርጊው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል መስቀል አደባባይ ድረሱ። በዚያ ሰዓት ደረጃው ላይ የሚሮጡት ሯጮች ናቸው የሚያጅቧችሁ። ሳይክሎቹን እየገፋችሁ ውረዱና እዚያው ሜዳው ላይ መዞር፣ መቆም፣ በአንድ እጅ መያዝ፣ ወደ ኋላ ዞሮ ማየት ተለማመጂ። ወደ ኋላ ስታዪ መሪሽ ካልተወላገደ መንገድ መውጣት ትችያለሽ። ከዚያ በቦሌ መንገድ ሂጂ፤ ዳገቱ አያስቸግርም። ከተማው መንገድ ዘግቶ ለእግረኛና ለሳይክል የሚለቅበት፣ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ካጋጠመሽም አያምልጥሽ። ሰፊ አስፋልት ላይ ያለ መኪና አንድ ሰዓት መንዳት የሚሰጠው ድፍረት ሌላ ነው።

ከአራት ኪሎ በቤተ መንግሥቱ፣ በሒልተን አድርጎ ወደ እስጢፋኖስ የሚወርደው መንገድ ጠዋት ጠዋት ያንቺ ይሆናል። ቁልቁለት ላይ ሁለቱንም ፍሬን አብረሽ ተጠቀሚ። ስታቆሚ ክብደትሽ ወደ ፊት ስለሚሄድ የበለጠ የሚያቆመው የፊቱ ነው፤ ግን በድንገት ከያዝሽው ያነሳሻል። ቀስ እያልሽ ጨምሪ። ኩርባ ላይ ሳይሆን ከኩርባው በፊት ቀንሺ። ክረምት ላይ ቸርኬውን በሚይዝ ላስቲክ የሚሠራ ፍሬን ካለሽ መጀመሪያ ውሃውን መጥረግ አለበት፤ ስለዚህ ከሌላው ጊዜ ቀድመሽ ያዢ። ዝናብ ሲጀምር የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ከሁሉ የከፉ ናቸው፤ አስፋልቱ ላይ የከረመው ዘይትና አቧራ ይቀላቀልና እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። የብረት የፍሳሽ ክዳን ላይ ደግሞ ፍሬን አትያዢ፣ አትታጠፊ።

ማታ ተመልሶ መውጣቱ ይቀራል። ከተማችን 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። እዚህ ላደገ ሰው አይከብድም፣ ግን ሽቅብ ላይ ትንፋሽ ቶሎ የሚያጥረው በዚህም ምክንያት ነው። ማርሹን ዳገቱ ሳይጀምር ቀንሺ፤ እግርሽ ከጨነቀው በኋላ ከቀየርሽ ካቴናው ይወልቃል፣ እንደኔ። ሲደክምሽ ወርደሽ ግፊ። ገፍቶ መውጣት ነውር አይደለም። እኔ ሦስት ወር ሙሉ ከሒልተን በላይ ገፍቻለሁ። አንድ ቀን ማታ ሳላስበው ሳልወርድ አራት ኪሎ ሐውልቱ ጋ ደረስኩ።

የሰውን አፍ በተመለከተ፦ ይናገራሉ። ልጆች «ጎማሽ እየዞረ ነው!» ይላሉ። እኔ «አየሁት፣ ተባረኩ» እላቸዋለሁ። በሁለተኛው ወር ስሜን ጠርተው ሰላም ይሉኝ ጀመር። ጎረቤት «ሴት ሆና እንዴት?» ይል ይሆናል። አንድ ነገር ልንገርሽ፦ ኢትዮጵያ መጀመሪያ በተካፈለችበት ኦሊምፒክ፣ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን፣ ከቡድናችን መሃል ሳይክል ጋላቢዎች ነበሩበት፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነው። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ሳይክል ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ቀሚስ ከለበስሽ ከሥሩ ጠበብ ያለ ሱሪ ይኑርሽ። ነጠላ ከለበስሽ ጫፉን ደረትሽ ላይ አጣፊና ቋጥሪው። የተለቀቀ ነጠላ ጫፍ ቸርኬ ውስጥ ሲገባ ሰከንድ አይፈጅበትም፤ ይህን እንደ ቀላል ነገር እንዳታዪው አደራ። ሄልሜት ያለ ምንም ክርክር ይደረጋል፣ የሁለታችሁም።

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 63 ነው፣ ጡረታ ወጥቻለሁ። በወጣትነቴ ድሬዳዋ ሳለሁ ያለ ሳይክል አልንቀሳቀስም ነበር። አሁን ለመጀመር አስቤ ባለቤቴ ጉልበትህን ትጨርሰዋለህ ትለኛለች። እውነቷን ነው?» — የቀድሞ ድሬ፣ ከአምባሳደር

መልስ፦ ጋሼ፣ እትዬ የተጨነቁት ስለሚወዱዎት ነው፤ ግን በዚህ ፍራቻ አይኑሩ። ሳይክል ላይ ክብደትዎን የሚሸከመው ኮርቻው ስለሆነ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና ከሩጫ ያነሰ ነው። ጉልበት የሚጎዳው ኮርቻው ዝቅ ሲል ነው። ተቀምጠው ፔዳሉን እስከ ታች ያውርዱ፣ ተረከዝዎን ያሳርፉበት። እግርዎ ቀጥ ካለ ልኩ ነው። ከዚያ በእግርዎ መዳፍ የፊት ክፍል ሲረግጡ ጉልበትዎ ትንሽ ታጥፎ ይቀራል። ቀላል ማርሽ ይጠቀሙ፤ ከብዶት ከሚገፋ እግር ፈጥኖ የሚዞር እግር ይሻላል። ድሬዳዋ ሜዳ ናት፣ ከአምባሳደር ግን ወደ ላይ ሲወጡ ዳገት አለ። ከመጀመርዎ በፊት ደም ግፊትዎንና ልብዎን ሐኪም ይይልዎት። ዳገቱ ካስቸገረ በባትሪ የሚታገዝ ሳይክልም አለ፤ እግርዎ ሲገፋ ብቻ የሚያግዝ። እትዬንም አንድ እሑድ ይዘዋቸው ይውጡ፤ ባይነዱ እንኳ ወዳጅነት ፓርክ ቁጭ ብለው ይጠብቁዎት።

ሳይክሉ የቆየ ከሆነ ጎማውን ጎሚስታ ጋ ወስደው ያሳዩ። የአየሩ ልክ የጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። ካቴናውን በደረቅ ጨርቅ ጠርገው ጥቂት የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ያድርጉበት፣ የተረፈውን መልሰው ይጥረጉ። ብዙ ዘይት የበጋውን አቧራ ይሰበስባል።

ጥያቄ፦ «የጋብቻችንን የመጀመሪያ ዓመት ከከተማ ወጥተን ልናከብር ነው። ሁለታችንም ሳይክል እንወዳለን። ሳይክላችንን ይዘን እንሂድ? የት ይሻላል? ፎቶስ እየነዱ እንዴት ነው የሚነሳው?» — ሁለቱ፣ ከፒያሳ

መልስ፦ እንኳን አደረሳችሁ። ለአንድ ቀን ከሆነ ቢሾፍቱ ሂዱ። ቅርብ ናት፣ ከኛ ዝቅ ያለች ናት፣ ሐይቅ ከሐይቅ ትዘዋወራላችሁ፤ ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ። በፍጥነት መንገዱ በሳይክል እንዳታስቡት፤ ሳይክሎቹን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኑ። ስትጭኑ ፔዳሉን ፈትታችሁ በጨርቅ ጠቅልሉት፣ የኋላው ማርሽ ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን። እኛ መጀመሪያ ጊዜ ይህን አላደረግንም፤ የኔ ማርሽ ተጣምሞ ሆራ ዳር ቀኑን ሙሉ በአንድ ማርሽ ነው የነዳሁት። ቢሆንም ቀኑ ጥሩ ነበር፤ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን የበላነው ቆሎ አሁንም ትዝ ይለኛል።

ሁለት ሦስት ቀን ካላችሁ ሐዋሳ። 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሳይክል ይዛችሁ አትልፉ፤ እዚያው ተከራዩ። ከተማው ሜዳ ነው፣ ሰዉም ሳይክል ለምዷል። ጠዋት በፍቅር ሐይቅ ዳር ንዱ፣ ከዚያ አሞራ ገደል ዓሣ ብሉ። ባሕር ዳርም የሳይክል አገር ናት። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው፣ የእግረኛና የሳይክል መስመርም አለው። እኔና ባለቤቴ ባሕር ዳር የሄድነው እሱ ሳይሠራ ነበር፣ ዘንባባዎቹ ሥር ስንዞር ነው የዋልነው። ድልድዩ ላይ አብረን መንዳት እመኛለሁ።

ስለ ፎቶ፦ እየነዱ ፎቶ አይነሳም። ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት ለራስም ለሰውም አደጋ ነው፤ ስልኩም ሊነጠቅ ይችላል። ቁሙ፣ ከመንገዱ ውጡ፣ አንሱ። ከተማ ውስጥ በቤተ መንግሥቱ አጥር አካባቢ ስልክ አታውጡ፤ ጥበቃዎቹ አይፈቅዱም። ሰው ስታነሱ አስፈቅዱ። የጠዋት ብርሃን ከሁሉ ይሻላል፤ ፀሐይዋ ከአንሺው ጀርባ ትሁን። እኛ ደንባችን በአንድ ጉዞ አንድ ፎቶ ማሳተም ነው። ስልክ ውስጥ መቶ ይኑር፣ የሚታተመው አንድ ነው። የታተመው ቡፌያችን መስታወት ላይ ይሰካል።

ባለፈው ዓመት ቡፌውን ስወለውል አንድ ነገር አየሁ። ከ2011 ወዲህ ያለው ፎቶ ሁሉ የኔ ጀርባ ነው። ቸርችል ላይ ጀርባዬ፣ ቢሾፍቱ ጀርባዬ፣ ሐዋሳ ጀርባዬ። እሱ ከኋላ ስለሚከተል ስንቆም ቶሎ ብሎ የሚያነሳው እሱ ነው። የሱ ግን አንድም የለም። ይህን ሁሉ ዓመት አብሮኝ የነዳ ሰው ቤታችን ውስጥ ባለ ፎቶ ላይ አልነበረም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። የሚቀድመው ሰው ደህና ቦታ ሲደርስ ይቁም፣ ይዙር፣ ከኋላ የሚመጣውን ያንሳ። እኔ ቡፌውን በወለወልኩበት ሳምንት እሑድ ከአራት ኪሎ ስንወርድ ቤተ መንግሥቱን ካለፍን በኋላ ፈጠን አልኩና መስቀል አደባባይ ደርሼ ሳይክሌን አቆምኩ። ከእስጢፋኖስ በኩል ሲመጣ አየሁት። የቀኝ ሱሪው እግር ካቴናው እንዳይዘው በላስቲክ ታስሯል። ሸሚዙን ነፋስ ነፍቶታል። እኔን በዓይኑ እየፈለገ ነበር፤ እንዳገኘኝ ደወሉን አንድ ጊዜ መታ። ያኔ ነው ያነሳሁት።